የተሰረቀው ጉልበት

ኢንስፔክተር ዳክሻ ሶላንኪ በሕንዷ ብሃቭናጋር ከተማ ፖሊስ ጣቢያ በቆየችባቸው ዓመታት የተሰረቀ ጎሽ ፈልጋ አግኝታለች፤ የተሰረቀች ሙሽራም ፈልጋ አግኝታ፣ ሙሽራዪቱ "ማን ፈልጉኝ አላችሁ?" ብላ አሳፍራታለች። የተሰረቀ ጉልበት ፈልጊ ስትባል ግን የመጀመሪያዋ ነበር።

"ምን አልከኝ?" አለች ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዙራ።

"ጉልበት፣ ሜም" አለ ሳጅን ሃሚር። "የብረት። ከአንዲት አሮጊት እግር የወጣ። የሆስፒታሉ ዘበኛም ጭንቅላቱ ተፈንክቶ ራሱን ስቷል፤ የሚተርፍ አይመስልም።"

"አንተ ሰው! ከሱ አትጀምርም?"

ይብስ ግራ ያጋባው ደግሞ፣ በዚያች ሰዓት ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ጠረጴዛዋን የሚደበድበው ሰው የሚጮኸው ስለዚያው ጉልበት መሆኑ ነው። ኬታን ሻህ ይባላል፤ አላንግ በሚባለው ባሕር ጠረፍ ላይ ከሚፈርሱ አሮጌ መርከቦች ገመድ እየገዛ የሚሸጥ፣ ስሙ የተጠራ ነጋዴ ነው። ከአራት ዓመት በፊት ዶክተር ቫጃ ለእናቱ ለካንቻንቤን ሰው ሠራሽ ጉልበት ገጥሞላቸው ነበር። ዕድሜ ልክዎን ያገለግልዎታል የተባለው ጉልበት በአራተኛው ዓመት ተላቀቀና መቆምም መቀመጥም ከለከላቸው። የዛን ዕለት ጠዋት ዶክተር ኢላ ትሪቬዲ የምትባል ሌላ ሐኪም አሮጌውን አውጥታ አዲስ ተክታላቸዋለች። የወጣው በጣሳ ታሽጎ በነጋታው አሕመዳባድ ወዳለ ላቦራቶሪ ሊላክ ነበር። ለምን እንደተላቀቀ የሚመሰክረው እሱ ብቻ ነው።

"ርካሽ ዕቃ ከቶባት ነው፣ ወይ አጣሞ ገጥሞባት ነው!" ይላል ኬታን። "ላቦራቶሪው ይናገር እንጂ ቫጃን ወህኒ ሳላስገባው ብቀር…"

"ኬታንባሂ፣ ወንድሜ" አለች ዳክሻ ቆቧን እያነሳች፣ "የእናትዎ ጉልበት ተሰርቋል።"

ሰውዬው ጠረጴዛውን መደብደቡን ተወ። ወዲያው ግን ፊቱ በራ፤ "አላልኩም? ማን ሊሰርቀው ይችላል? ቫጃ ነዋ!" አለ።

ዝናቡ ከተማዋን ካጨቀያት ሳምንት አልፎታል። የሆስፒታሉ የምድር ቤት መተላለፊያ ሲገቡበት ጭቃ፣ ውሃና ደም ተቀላቅሎበታል። ዘበኛው ቢካ የወደቀው የቀዶ ጥገና መሣሪያ ከሚቀቀልበት ትልቅ ብረት ሥር ነው፤ የብረቱ ጥግ ላይ ደምና ፀጉር ቀርቷል። ጣሳው የነበረበት ቁም ሣጥን በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ቁልፉ እንደተሰካ ነው። ያ ቁልፍ ነርሶቹ ጠረጴዛ አጠገብ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሎ ስለሚውል፣ ኮሪደሩ ላይ የተቀመጠ በሽተኛም አስታማሚም ሁሉ ያየዋል።

"ሌላ ምን ጠፋ?" አለች ዳክሻ።

"ምንም። መድኃኒቱ አለ፣ ገንዘቡ አለ። ጣሳዋ ብቻ" አለ ሃሚር። "ያሮጊት ጉልበት ሾርባ ሊሠራበት ነው?"

ዳክሻ ቆማ ማሰብ አታውቅም። ወዲያና ወዲህ ስትል ከኋላ በር አጠገብ ድንገት ቀጥ አለች። ከቢካ ወንበር ሥር ቀትር ላይ የፈሰሰ ስኳር የበዛበት ሻይ ነበር፤ ጉንዳኖች ከግድግዳው ተነስተው እስከ ሻዩ ድረስ መንገዱን አቋርጠው ተሰልፈዋል። ከኋላ በር የገባ የባዶ እግር የጭቃ ዱካ ሰልፉ ጋ ሲደርስ ይታጠፋል፤ ግድግዳውን ታክኮ፣ በወንበሩ ጀርባ ዞሮ ያልፋል። ሲወጣም እንደዚያው። ውሃው ዱካውን ስላሰፋው የወንድ ይሁን የሴት አይለይም።

"ሃሚር፣ አንተ ሰው ጥለህ ስትሸሽ ጉንዳን ትዞራለህ?"

"እኔ ሜም? ዝሆንም ቢተኛ አልዞርም።"

"ማን ይዞራል?"

ሃሚር ጢሙን አሻሸ። ወቅቱ እምነታቸው ነፍስ ማጥፋትን አጥብቆ የሚከለክላቸው የጃይኖች የስምንት ቀን ጾም ነው። የከተማው ጃይን ግማሹ ጫማውን አውልቆ፣ አንዲት ነፍስ እንዳይረግጥ መሬት መሬቱን እያየ የሚሄድበት ሳምንት ነው። "ጃይን ይዞራል" አለ። "ግን ጃይን ሰው አይገድልም። ስለዚህ ሜም፣ ጉንዳኑን ብንረሳውስ?"

ዳክሻ ጉንዳኑን አልረሳችውም። ውጭ ያለው ባለ ፋርማሲ ግን ሌላ ነገር ነገራት። ሊመሽ ሲል ዶክተር ቫጃ ከሆስፒታሉ ወጥቶ አንገቱን ደፍቶ በዝናብ ሲሄድ አይቶታል።

በማግስቱ ዳክሻ ስትደርስ የቫጃ ክሊኒክ ወንበሮች ባዶ ናቸው። ኬታን ስሙን በየገበያው ካጠፋው ወዲህ በሽተኛ ዝር አይልበትም። ሐኪሙ ቀጭን፣ ዓይኑ የጎደጎደ ሰው ነው። የባሕር ጠረፍ ልጅ ነው፤ ዓሣ ይበላል፣ ጉንዳን የሚዞርበት ሃይማኖት የለውም፣ እግሩም ላይ ወፍራም ጫማ አለ።

"ትናንት ማታ ሆስፒታል ምን ሊያደርጉ ሄዱ ዶክተር?"

"ላየው።"

"ምኑን?"

"ጉልበቱን ነዋ! ዶክተር ኢላን ለመንኳት፤ ተከሳሽ ነህ፣ አይሆንም አለችኝ። ልክ ናት። ወጥቼ ሄድኩ።"

"ጉልበት ለምንድነው የሚላቀቀው?"

ቫጃ ሳቅ አለ፤ የደስታ ሳቅ ግን አይደለም። "ይህን ከራሴ ጋር ስከራከርበት ነው የማድረው። ሲሚንቶው ሳይደርቅ እግሩ ቢንቀሳቀስ ይላቀቃል። ትንሽ ጠሞ ቢገጠም ሸክሙ ባንድ ወገን ያርፍና ይላቀቃል። ተሕዋስ ቢገባበት ይላቀቃል። ይህ ሁሉ ባይኖር ደግሞ ፕላስቲኩ አለ። በላይኛውና በታችኛው ብረት መሃል የምናስቀምጠው ፕላስቲክ በረገጡ ቁጥር ይፋቃል። ዱቄቱ በዓይን አይታይም። ሰውነት ባዕድ ነገር ገባብኝ ብሎ ዱቄቱን ሊበላ ይመጣል፤ ዱቄቱ አይበላለት። እልህ ሲይዘው አጠገቡ ያለውን አጥንት ይበላል። ምስጥ ሥሩን የበላው የአጥር እንጨት አይተሽ አታውቂም? ቆሞ ታዪዋለሽ፣ ስትደገፊው ይዞሽ ይወድቃል።"

"የካንቻንቤን በየትኛው ነው?"

"አላውቅም!" ድምፁ ክሊኒኩን ሞላው። "ያን ቀን ብዙ ቀዶ ጥገና ነበረኝ፣ እሳቸው የመጨረሻ ነበሩ፣ ደክሞኝ ነበር። እጄ አዘንብሎ ቢሆንስ? እኔ ወህኒውን አልፈራም ኢንስፔክተር። አሮጊት ጎድቼ እንደሆነ ሳላውቅ መሞትን ነው የምፈራው።"

ዳክሻ እሱ አይደለም ብላ ወጣች። ጥፋተኛ ሰው "ፕላስቲኩ ነው" ብሎ ይገላገላል እንጂ ጣቱን መጀመሪያ ወደ ራሱ አይቀስርም። አለቃዋ ግን ይህን የሚሰማበት ጆሮ አልነበረውም። "የነጋዴዎች ማኅበር ሁለት ጊዜ ደውሎልኛል" አላት። "ምክንያት ያለው እሱ፣ ቦታው ላይ የታየው እሱ። ጾሙ የሚያበቃበት የይቅርታው ቀን ሳይደርስ ቫጃን አስገቢልኝ። ያለዚያ እኔ ራሴ አስረዋለሁ።"

ሃሚር በበኩሉ ለጉንዳኑ የሚሆን ሰው ይዞ መጣ። ፓሬሽ ዶሺ ይባላል፤ ለሐኪሞች የብረት ጉልበት የሚያቀርብ ነጋዴ፣ ጃይን፣ ባዶ እግሩን ነው። ጊዜው ያለፈበት ዕቃ ሸጦ ከነበረ ያ ጣሳ ቢጠፋ ከሁሉ በላይ የሚደሰተው እሱ ነው።

"ትናንት ሲመሽ የት ነበርክ?" አለችው ዳክሻ።

"ጸሎት አዳራሽ።"

"አልነበርክም። ጠይቀናል።"

"እ… አጎቴ ጋ ነበርኩ።"

"አጎትህ ሱራት ሄዶ የለ እንዴ?" አለ ሃሚር።

ፓሬሽ በላብ ታጠበ። "ሜም፣ እኚህ ሰውዬ ይውጡልኝና ብቻዎን ልንገርዎ።"

"ሃሚር የትም አይወጣም። ሰው እየሞተ ነው፣ ተናገር!"

ሰውዬው ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ድንች" አለ።

"ምን?"

"ድንች እየበላሁ ነበር። ወደቡ መንገድ ላይ፣ በሽምብራ ሊጥ ነክረው የሚጠብሱት አለ። ሦስት ሳህን።"

ሃሚር እየሳቀ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ድንችን ከሥሩ ሲነቅሉት ስንት ነፍስ ያልቃል ብለው ጃይኖች በአዘቦቱም አይቀምሱትም፤ በጾሙ ሳምንትማ የሚያስበው እንኳ የለም። ጠባሹን ሄደው ሲጠይቁት ደግሞ፣ "ማን፣ ፓሬሽባሂ? እሱማ ጾም በገባ ቁጥር የማይቀር ደንበኛዬ ነው" አለ።

"ነፍሰ ገዳይ በሉኝ፣ ግዴለም" ይላል ፓሬሽ የዳክሻን ጠረጴዛ ሙጭጭ አድርጎ ይዞ። "ሚስቴ ብቻ እንዳትሰማ!"

በማግስቱ ንጋት ቢካ ሞተ። ዳክሻ ጣቢያ ስትደርስ ሚስቱ ጂቪ ግቢው ውስጥ ጠበቀቻት። አላለቀሰችም።

"ያን ሻይ እኔ ነኝ ያመጣሁለት" አለች። "ስኳር ይወዳል። ሜም፣ ባሌን ማን ነው የገደለው? ሐኪሙ ነው ይላሉ።"

"አላወቅኩም ገና።"

"ለትልልቆቹ ሲሆን ቶሎ ታውቃላችሁ። ለኛ ሲሆን 'ገና' ነው።"

ዳክሻ ሐኪሙንም ማሰር ትችላለች፣ ሴትዮዋም ትረካ ነበር፤ ችግሩ እውነት አለመሆኑ ነው። በዚያው እግሯ ዶክተር ኢላን ፍለጋ ሄደች።

"በደንብ አላየሁትም፤ ሌላ በሽተኛ ተኝቶ ይጠብቀኝ ነበር" አለች ዶክተር ኢላ እጇን እየታጠበች። "ፕላስቲኩ ግን ብረቱ እስኪታይ ሳስቷል። ቤቷ ተቀምጣ የምትጸልይ ሴት ጉልበት በአራት ዓመት እንዲህ አይሆንም። ለልጁና ለምራቲቱ ኮሪደር ላይ ቀልጄ ነገርኳቸው፤ 'ይህ ጉልበት ቅድስት ከተማ ካሺ ድረስ በእግሩ ሄዶ የተመለሰ ነው' አልኩ። ለሴትዮዋም አስቀድሜ፣ 'እርስዎ የደበቁኝን አሕመዳባድ ላይ እሱ ይናገራል' ብያቸው ነበር።"

"ምን አሉ?"

"ዝም። ከቀዶ ጥገናው ማግስት ጀምሮ ደግሞ የዝምታ ስለት ገብተዋል።"

ካንቻንቤን ሆስፒታሉ ላይኛው ፎቅ ክፍል እግራቸው ተጠቅልሎ ተኝተዋል። ፀጉራቸው እንደ ጥጥ የነጣ፣ ዓይናቸው ግን ያልደከመ ሴት ናቸው። ምራታቸው ሩፓል እግራቸው ሥር ተቀምጣለች፤ ከፈላ ውሃ በቀር ምንም የማይቀመስበትን ጾም ስለያዘች ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ዳክሻ የጠየቀችውን ሁሉ የሚመልሰው ኬታን ነው።

"እናቴ መሬት ላይ ተቀምጣ አታውቅም። ወለል ጠርጋ አታውቅም። ፓሊታና ተራራ ላይ ላለው ቤተ መቅደስ እንኳ ሁለት በጋ ሙሉ ተሸካሚዎች ቀጥሬ፣ በወንበር ነው ያስወጣኋት! ሩፓል አብራት ነበረች፣ ጠይቂያት።"

"ልክ ነው" አለች ሩፓል ቀና ሳትል።

"ትናንት ወዲያ ሲመሽ የት ነበርሽ እህቴ ሩፓልቤን?"

"የማታ ጸሎት ላይ። ሴቶቹ ሁሉ ያውቃሉ።"

ጸሎት አዳራሹ ከሆስፒታሉ አንድ ጎዳና ይርቃል። አንዲት ወፍራም ሴት፣ "ሩፓል? አጠገቤ ነበረች እንጂ! ምንጣፏ ከምንጣፌ ጋር ተነካክቶ ነበር" አለች በእርግጠኝነት።

"ፊቷን አይተሻል?"

"በምን ዓይኔ? ነፍሳት መብራት ውስጥ ገብተው እንዳይቃጠሉ እኮ በጨለማ ነው የምንጸልየው።"

"እንግዲያው ምንጣፉን ነው ያየሽው።"

ሴትዮዋ አሰበች። "ምንጣፏ ካለ እሷ የት ትሄዳለች?" አለች።

ዳክሻ መኪናውን ወደ ፓሊታና አስነዳች። አንዲት ምራት ለአማቷ ጉልበት ብላ ሰው የምትጥልበትን ምክንያት መንገዱን ሙሉ ብታስስ አላገኘችውም፤ እግሮቿን መኪናው ወለል ላይ ታንቀጠቅጥ ጀመር። "ሜም፣ መኪናው ራሱ ይሄዳል፣ አይርገጡት" አላት ሃሚር።

በዝናቡ ወራት ተራራው ለሚወጣ ሰው ዝግ ነው። ተሸካሚዎቹ ከግርጌው አንድ ቆርቆሮ ሥር ተጠልለው ካርታ ይጫወታሉ። ዳክሻ ማቫ የሚባለውን አለቃቸውን ካንቻንቤንን ተሸክሞ እንደሆነ ስትጠይቀው ሁሉም በአንድ ላይ ሳቁ።

"እሳቸውን? እኛ የተሸከምነው ባዶ ወንበር ነው!"

"እንዴት?"

"ከፊት እሳቸው በትራቸውን ይዘው በእግራቸው፣ ከኋላ እኛ ባዶ ወንበር ትከሻችን ላይ አድርገን። ያ ሁሉ ደረጃ! መንገደኛው ይስቅብን ነበር። 'ኧረ ባ፣ እናታችን፣ ይቀመጡ፣ የበላነው ይታዘበናል' ስንላቸው፣ 'በሰው ትከሻ የወጣሁትን አምላክ ለናንተ ነው የሚቆጥርላችሁ' ይሉናል። ስለት ነው። ዘጠና ዘጠኝ ጊዜ፣ በእግር።"

"የምን ስለት?"

ማቫ ካርታውን አስቀመጠ። "ልጃቸው ሳንባውን ታሞ በቱቦ ሲተነፍስ የተሳሉት ነው። ቢድንልኝ ብለው። ምራቲቱ ናት የነገረችን፤ 'ባሌ እንዳይሰማ፣ አደራ' ብላ። በተለይ መውረዱ ጎዳቸው። መጨረሻ ላይማ ጉልበታቸው ቋ፣ ቋ ሲል ከኋላ እንሰማው ነበር።"

"ተዉ አላላቸውም ማንም?"

"ምራቲቱ ደረጃው ላይ ተቀምጣ አልቅሳ ለምናቸዋለች። 'ጥቂት ነው የቀረኝ' አሏት። ጨረሱት ሜም። በመጨረሻው ቀን እዚህ ሲደርሱ ጣፋጭ አከፋፈሉን፣ ከዚያ ወዲያ ግን ራሳቸውን ችለው መኪና ውስጥ መግባት አልቻሉም።"

ዳክሻ ስትመለስ ሦስቱም ክፍሉ ውስጥ ነበሩ። ኬታን ገና ከበር፣ "ቫጃ ታሰረ?" አላት።

"አልታሰረም። ከተሸካሚዎቹ ጋር ተገናኝቼ መጣሁ" አለች። ዓይኗ ሩፓል ላይ ነበር። "ሌላም ወሬ አለኝ። ዘበኛው ቢካ ዛሬ ንጋት ላይ ሞቷል።"

ሩፓል የያዘችው የውሃ ብርጭቆ ከእጇ ወደቀ። ከአልጋው ላይ ግን ቀድሞ የመጣው የካንቻንቤን ድምፅ ነው።

"ማን ነው የሞተው?"

"ባ!" አለ ኬታን። "ዝምታሽ! ስለትሽ ፈረሰ እኮ!"

"ይፍረስ! ሩፓል፣ ማን ነው የሞተው? 'ጣሳውን አንስቼ መጣሁ፣ ማንም አላየኝም' ነበር ያልሽኝ!"

ሩፓል ወለሉ ላይ ከተበተነው ብርጭቆ አጠገብ ቁጭ አለች። "ከኋላዬ መጥቶ ያዘኝ" አለች። "ገፋሁት። አምስት ቀን ያልበላ ሰው ማንን ይጥላል ብዬ… ጭቃው አዳለጠው። ብረቱ ድም ሲል ሰማሁ።"

"ለምን ሰው አልጠራሽም?" አለች ዳክሻ።

"ተነስቶ የሚከተለኝ መሰለኝ። ስለዚህ ሮጥኩ።"

"ስትሮጪ ጉንዳኖቹን ዞረሻል።"

ሩፓል ቀና ብላ አየቻት። "ጉንዳን ነበር እንዴ?" አለች።

ዳክሻ ብዙ የእምነት ቃል ሰምታለች፤ እንዲህ አጥንቷ ድረስ የዘለቀ ግን አልነበረም። የሩፓል እግር ከሕፃንነቷ ጀምሮ የለመደውን አድርጓል። እጇ ግን የወደቀ ሰው ማንሳት አልለመደም ነበር።

ኬታን ከአንዷ ወደ አንዷ ይገላመጣል። "ምንድነው የምታወሩት? ሚስቴ የእናቴን ጉልበት ለምን ትሰርቃለች?"

"እኔ ነኝ የላክኋት" አሉ ካንቻንቤን። "አሕመዳባድ ሄዶ እንዳይናገርብኝ። ወንበርህ ላይ አንድም ቀን አልተቀመጥኩም ልጄ። ዘጠና ዘጠኙንም በእግሬ ነው የወጣሁት። ስለቱን ስገባ አንተ በቱቦ ትተነፍስ ነበር፤ ሐኪሞቹ ለአስከሬንህ ማቃጠያ እንጨት አዘጋጁ ማለት ነበር የቀራቸው።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ትከለክለኛለሃ! ለአንዲት መነኩሲት ስነግራት ደግሞ፣ 'ዋጋ ተጠይቆ የሚሰገድ ስግደት ንግድ ነው' አለችኝ። አፈርኩ። እንደ ነጋዴ ከአምላክ ጋር ዋጋ ተከራክሬ፣ እንደ ነጋዴ ደብቄ ኖርኩ።"

"ሐኪሙስ?" አለች ዳክሻ።

"ጠይቄዋለሁ። 'መራመድ ይፈቀድልኛል ወይ?' አልኩት። 'እንደ ልብዎ ይራመዱ፣ ጥሩ ነው' አለኝ። ተራራ የሚል ቃል ካፌ አልወጣም። አልዋሸሁም።"

"አልዋሹም ባ። ልጅዎ ያን ሰው በየአደባባዩ ሲያዋርደው ግን ዝም አሉ። በዚያ ዝምታዎ ነው ቢካ የሞተው።"

አሮጊቷ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ኬታን ግድግዳውን ታክኮ ቁልቁል ተንሸራተተና የሚስቱ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሊጮህ የመጣ ሰው ነበር፤ የሚጮህበት ግን አላገኘም። በሕይወት መኖሩ ራሱ ወንጀል መሰለው። ሩፓል እጇን ከአልጋው ሥር ሰድዳ ከአማቷ የልብስ ቦርሳ ጣሳውን አወጣችና ለዳክሻ ሰጠቻት። ጉልበቱ ከሆስፒታሉ ወጥቶ አያውቅም።

ጣሳው የተከፈተው ዶክተር ኢላ ፊት ነው፤ ቫጃም እንዲያይ ተፈቀደለት። ፕላስቲኩን መስኮቱ ጋ ወስዶ አገላበጠው። በሁለቱም ወገን እኩል ሳስቷል፤ ጠሞ ቢሆን ባንድ ጎኑ ይበላ ነበር።

"ቀጥ ብሎ ነው የተገጠመው" አለች ዶክተር ኢላ። "እጅህ አላጠፋም።"

ቫጃ ይደሰታል ብላ ዳክሻ ጠብቃ ነበር። እሱ ግን ፕላስቲኩን አስቀምጦ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። "የዚህ አገር አሮጊት ሁሉ ዓይኗ ያ ተራራ ላይ ነው" አለ። "አንድም ቀን ለአንዷም፣ 'ተራራ ይወጣሉ ወይ?' ብዬ ጠይቄ አላውቅም።"

በማግስቱ የይቅርታው ቀን ነበር። በከተማው ሁሉ ጃይኑ ጎረቤቱን፣ ባለ ሱቁ ደንበኛውን፣ አለቃው ሠራተኛውን "ባውቅም ባላውቅም የበደልኩህን ይቅር በለኝ" ይላል፤ ዳክሻን ራሷን አለቃዋ አላት፣ በስልክ፣ ቸኩሎ። ሩፓል ታስራለች። ኬታን ክሱን አንስቶ ቫጃ ክሊኒክ በር ላይ ቆሞ ታይቷል። ካንቻንቤን ደግሞ ሐኪማቸው ብትጮህም አልሰማ ብለው፣ የቢካ ቤት ውሰዱኝ አሉ። ዳክሻና ኬታን አብረዋቸው ሄዱ።

ባጃጁ ከሰፈሩ መግቢያ አላልፍ ስላለ፣ ካንቻንቤን መደገፊያ ብረታቸውን እየገፉ፣ ጥርሳቸውን ነክሰው የጂቪ በር ላይ ደረሱ። ላባቸው ነጭ ልብሳቸውን አርሶታል። ጂቪ ከጎረቤት ሴቶች ጋር መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር፤ አልተነሳችም።

"ባውቅም ባላውቅም…" ብለው ጀመሩ አሮጊቷ። "አይደለም። አውቄ ነው። አውቄ ዝም አልኩ፤ ባልሽ በዚያ ሞተ። ይቅር በይኝ።"

ጂቪ እግራቸውን፣ ፋሻውን፣ ብረቱን አየች።

"ይቅርታ?" አለች። "ዛሬ የለኝም።"

ኬታን ከኋላ አንድ ነገር ሊል አፉን ሲከፍት ዳክሻ ክንዱን ያዘችው።

"ነገ ልምጣ?" አሉ ካንቻንቤን።

"ነገም የሚኖረኝ አይመስለኝም።"

"ይሁን። ከነገ ወዲያም እመጣለሁ። እስኪኖርሽ ድረስ እየተራመድኩ እመጣለሁ።"

"አዎ፣ ይምጡ በእግርዎ!" ጂቪ ያን ጊዜ ብድግ አለች፤ ዓይኗ ለመጀመሪያ ጊዜ እንባ ሞላው። "እዚህም ይቁጠሩት! ጉልበትዎ ሲወልቅ ደግሞ ለጂቪ ብዬ ነው ይበሉ፤ ሌላ የድሃ ባል ይሙት! እኔ የማንም ተራራ አይደለሁም። ከመጡ ሰው ተሸክሞዎት ይምጡ።"

 አሮጊቷ መሬት መሬቱን አዩ።

"እሺ ልጄ" አሉ። "ተሸክመውኝ እመጣለሁ።"

ኬታን ቀረብ ብሎ ጎንበስ አለና እናቱን አቀፋቸው። ካንቻንቤን መደገፊያ ብረታቸውን ለዳክሻ ሰጥተው፣ ክንዳቸውን በልጃቸው አንገት ላይ ጠመጠሙ፤ እሱም እስከ ባጃጁ ድረስ ተሸክሟቸው ሄደ።